ከኩሽና ሆኜ ያስነሳሁት መኪና

መኪና መንዳት አልችልም። ዛሬም አልችልም። ግን ጅቡቲ፣ ሆዳን ሰፈር በሠራሁባቸው ሁለት ዓመታት በየቀኑ ጠዋትና ከሰዓት የአንድ ትልቅ ነጭ መኪና ሞተር የማስነሳው እኔ ነበርኩ። ኩሽናው መስኮት ላይ ቆሜ፣ በአንድ እጄ ማማሰያ እንደያዝኩ፣ በሌላው ሪሞቱን ሁለቴ ጫን ጫን አደርገዋለሁ። መኪናው ጢጥ ይላል፣ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ከዚያ ማንም ሳይኖርበት በራሱ ተነስቶ ማጉረምረም ይጀምራል። ክሊሙም (እዚያ ማቀዝቀዣውን ክሊም ነው የሚሉት) አብሮ ይሠራል። ሰው ካልገባበት ሃያ ደቂቃ ቆይቶ በራሱ ይጠፋል።

ይህ የሆነው ማዳም በሞቀ ወንበር ላይ መቀመጥ ስለማትችል ነው። እውነቷን ነው፤ እኛ ክረምት በምንለው ወር ጅቡቲ ውስጥ ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ወንበሩ ሥጋ ይጠብሳል። ስለዚህ ቡናዋን ልትጨርስ ስትል «አስነሺው!» ትለኛለች፤ እኔ እጫናለሁ፤ እሷ ተኳኩላ እስክትወርድ መኪናው በረዶ ሆኖ ይጠብቃታል። ሪሞቱ ኩሽና ውስጥ ሚስማር ላይ ነበር የሚሰቀለው፣ ከእቃ መጥረጊያው ጎን። ከጎረቤት ቤቶች ያሉ የአገሬ ልጆች በአጥር ላይ ሆነው ያዩኝና «ኧረ ይቺ ልጅ፣ ሳትነጂ ባለመኪና ሆንሽ!» ይሉኛል። እኔም «ቀንተሽ ሙቺ» እላለሁ። እንደዚያ ነበርኩ።

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳላመጣ ስቀር ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። አንድ ቦታ መርጋት አልችልም፤ እናቴ «መቀመጫሽ ላይ እሳት አለ» ትለኝ ነበር። ምላሴም አያርፍም። ማንም አንድ ቃል ቢለኝ ሁለት ሳልመልስ አላድርም። ሶማሊኛ ከሚናገሩ የሰፈር ልጆች ጋር ስላደግሁ ጅቡቲ ስገባ እንደሌሎቹ አልተቸገርኩም፤ ደፍሬ እናገራለሁ፣ እከራከራለሁ፣ እቀልዳለሁ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ጓደኛዬን ዘሐራ እላታለሁ። ስሟን ቀይሬዋለሁ፤ እናቷ እንደዚያ ስለፈለጉ።

ዘሐራ ከወሎ፣ ከሐይቅ ነው የመጣችው። የተገናኘነው ወደ ጅቡቲ በሚሄድ ተሳቢ ካቢና ውስጥ ነው። ሹፌሩ ጋሽ አበራ የሚባል፣ ያንን መንገድ አሥራ ምናምን ዓመት የተመላለሰበት ሰው ነው። ሁለታችንንም በአንድ ወንበር አጣቦ አስቀመጠን። ዘሐራ መኪና አይስማማትም ነበርና ድንበሩ ጋላፊ ሳንደርስ ቀሚሴ ላይ አስታወከችብኝ። ልሰድባት አፌን ስከፍት «አብሽሪ፣ አጥብልሻለሁ» ብላ በፈገግታ አየችኝ። ያለ ስድብ የታለፈች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ሳትሆን አትቀርም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ ሆነች። እሷ ካርቲየ 4 በሚሉት ሰፈር አንድ ነጋዴ ቤት ገባች፣ እኔ ሆዳን። ዓርብ ዓርብ እንገናኛለን። አንድ ሳህን ሩዝ ለሁለት ገዝተን ስለ አሠሪዎቻችን እናማለን። እሷ ስለ ማንም ክፉ ቃል አይወጣትም፤ የሷንም ድርሻ የማማው እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው በሐምሌ፣ ያ አቧራ የሚያዘንበው ነፋስ፣ ካምሲን የሚሉት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሲነፍስ ነው።

ሐሙስ ማታ ስልኬ ጮኸ። ዘሐራ ናት። ድምጿ ቀጥኗል።

«አስወጡኝ» አለችኝ።

«ምን ማለት ነው አስወጡኝ?»

«ትኩሳቱ አልለቀቀኝም። ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ልብስ ሳጥብ ወደቅሁ። እመቤቲቱ ‹ካልሠራሽ ለምን ታድሪያለሽ› አለችኝ።»

«ይቺን…» ብዬ የስድብ መዓት አወረድኩ። ዘሐራ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ተያት አሁን እሷን። ጋሽ አበራን አገኘሁት። ዶራሌ ወደብ ጭነት እየጠበቀ ነው። ነገ ከሰዓት በኋላ በአሥራ አንድ ሰዓት ይወጣል። እናቴ ጋ ያደርሰኛል። እስከዚያ የምቆይበት ብቻ ነው ያጣሁት። እዚህ ካርቲየ 4 ያሉት የአገራችን ልጆች ለዛሬ ብቻ ነው ያስጠጉኝ፤ ፈሩኝ፤ ስምንት ሆነው በአንድ ክፍል ነው የሚተኙት፤ በሽታዬ ይጋባል ብለው ነው፤ አልፈርድባቸውም።»

«ነገ እኔ ጋ ነይ» አልኳት። ሳላስብ ነው ያልኩት። ግን አሁን ሳስበው፣ አስቤም ቢሆን ያንኑ ነበር የምላት።

ሐኪም ቤት ለምን አልወሰድሻትም ትሉኝ ይሆናል። ወረቀት አልነበራትም። ወረቀት የሌለው ሰው የሚፈራው ከበሽታው ይልቅ መያዝን ነው። ደግሞ ሁለታችንም መድኃኒቱ ሐይቅ ያለ መስሎን ነበር። ስለዚህ የቀረን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ማቆየት።

ዓርብ ጠዋት ማዳምና ባልዋ ልጆቻቸውን ይዘው በባልየው መኪና ወደ አርታ፣ ወደ ተራራው ወጡ። እዚያ ቀዝቀዝ ይላል፤ አቅም ያለው ሙቀቱን እዚያ ነው የሚሸሸው። ማዳም ነጩን መኪና አቧራ እንዳይበላው ብላ ቤቱ ሥር ካለው ጋራዥ አስገባችው፤ የጋራዡን የብረት መዝጊያ በኤሌክትሪክ አወረደችና «እንግዳ እንዳላይ» ብላኝ ሄደች። እንግዳ ማስገባት በዚያ ቤት ከሥራ ያስባርራል። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ የተባረረችው የገዛ እህቷን ኩሽና አስገብታ ሻይ ስላጠጣች ነው።

ዘበኛው አዴር ጃማ የተባለ ሽማግሌ ሶማሌ ነው። አዴር አጎቴ እንደማለት ነው። ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ለጁምዓ መስጊድ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ልክ ከበር ሲወጣ ለዘሐራ ደወልኩ። ታክሲ ይዛ መጣች። ከታክሲው ስትወርድ አላወቅኋትም። ያ ድንቡሽቡሽ ፊቷ ገብቶ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። እጇን ስይዘው ከምጣድ የወጣ ይመስላል።

«ከብደሻል» አልኳት፣ ደግፌ ደረጃውን ሳወጣት። ላስቃት ብዬ ነው።

«ሩዙን ብቻዬን ስበላ ነው የከረምኩት» አለች።

ጣራ ላይ ያለችውን የእኔን ክፍል ትቼ ሳሎን አስተኛኋት፤ የእኔ ክፍል ማራገቢያ እንጂ ክሊም የለውም። የማዳም ምንጣፍ ላይ ጋደም አለች። የትኩሳት ክኒን ሰጠኋት፣ የሎሚ ውኃ አጠጣኋት፣ እግሯን በእርጥብ ፎጣ ጠቀለልኩት። እያንዳንዷ ነገር ትዝ ትለኛለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ደህና ነበረች። ስለ ጋሽ አበራ የድሮ ካሴቶች እያነሳን ሳቅን።

ሰባት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ።

በዚያ ወር መብራት ይጠፋል፤ ከተማው በሙሉ ክሊም ከፍቶ ሲቀመጥ ኃይሉ አይችልም። መጥፋቱ አላስደነገጠኝም። የማይቻለው የዚያ ቤት ሙቀት ነው። አዳዲሶቹ ቤቶች የተሠሩት በክሊም ተማምነው ነው፤ መስኮታቸው ጠባብ ነው፣ ጣራቸው ዝቅ ያለ ነው። መስኮት ብከፍት አቧራው ገባ፤ ብዘጋ አየር ጠፋ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የዘሐራ ከንፈር ደረቀ። መቃዠት ጀመረች። እናቷን ጠራች። ከዚያ እኔን «እማ» አለችኝ። ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አራት ሰዓት ይቀራል። በዚህ ቤት ውስጥ አራት ሰዓት አትቆይም አልኩ።

ያኔ ነው ዓይኔ ሚስማሩ ላይ ያረፈው።

በዚያ ቤት፣ መብራት ሳያስፈልገው ሊቀዘቅዝ የሚችል አንድ ቦታ ነበር። በሰፈሩ በሙሉ ከዚያ የሚቀዘቅዝ ቦታ አልነበረም። በራሴ ኮራሁ። እንዴት እስካሁን አልታየኝም ብዬ ግንባሬን መታሁ።

ከኩሽናው ወደ ጋራዡ የሚያወርድ የውስጥ በር አለ። ዘሐራን እየደገፍኩ አወረድኳት። የኋላ ወንበር ላይ ትራስ አደረግሁላት፣ የማዳምን ሻሽ አለበስኳት። ሪሞቱን ሁለቴ ጫንኩ። ጢጥ። ብልጭ ብልጭ። ሞተሩ ተነሳ፤ ቀዝቃዛው አየር ፊቷ ላይ መንፈስ ጀመረ። ዓይኗን ገለጠች።

«አንቺ፣ ይሄ የማን ቤት ነው?»

«የማዳም ነው። ለዛሬ ተከራይቼልሻለሁ።»

«ወላሂ ሐይቅ ገባሁ» አለች። «እናቴ ጠዋት በሩን ስትከፍት እንደዚህ ነው የሚገባው። እኔ ‹ዝጊው በረደኝ› እላታለሁ፤ እሷ ‹ተነሽ ሰነፍ› ትለኛለች።» ሳቀች። ከታክሲ ከወረደች በኋላ ትክክለኛ ሳቅ የሳቀችው ያኔ ነው።

«ተኚ አቦ፣ አታውሪ። መስኮቱን እንዳትነኪ፤ ከከፈትሽው ጭሱ ይገባብሻል፣ ቅዝቃዜውም ይወጣል።»

ይህን በራሴ አፍ ነው የነገርኳት። ከዚያ የመኪናውን በር ዘጋሁ። ወደ ኩሽና ወጥቼ የውስጡንም በር ዘጋሁ፤ ሽታው ቤቱ ውስጥ ከቀረ ማዳም ታውቅብኛለች ብዬ በሥሩ ባለው ክፍተት ጨርቅ ወተፍኩበት።

በየሃያ ደቂቃው ሞተሩ ጸጥ ይላል። እኔ ደግሞ እጫናለሁ። ሰዓቴን እያየሁ፣ ሳይጠፋ ቀድሜ ለመጫን እጓጓለሁ፤ አንዴም ሙቀቱ ተመልሶ እንዲነካት አልፈለግሁም።

ሁለተኛውን ከጫንኩ በኋላ አዴር ጃማ ከመስጊድ ተመለሰ፤ ጫቱን በብብቱ ሸጉጦ። ትንሽ ቆይቶ የጋራዡን ብረት በመዳፉ ደበደበው። በኩሽና መስኮት ብቅ አልኩ።

«ናያ!» አለኝ በሶማሊኛ። «አንቺ ልጅ! ማዳም መጣች እንዴ?»

«አልመጣችም አዴር።»

«ታዲያ መኪናው ከማን ጋር ነው የሚያወራው?»

«ባትሪው እንዳይሞት አስነሺው ብላኛለች።»

ቅጠሉን ከጉንጩ ወደ ጉንጩ አዛወረና ራሱን ነቀነቀ። «ለባትሪ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከመጣሁ ጀምሮ ሲጮህ ነው።»

«አዴር፣ አንተ ዘበኛ ነህ ወይስ መካኒክ?»

ሳቀ። «እሺ መካኒክ አይደለሁም። በሩን ግን ክፈችለት፤ ይተንፍስ።»

«መብራት የለም። በምን ልክፈተው፣ በምላሴ?»

«ምላስሽማ ብረት ያነሳል!» አለ። ከዚያ ሳቁን ትቶ፣ «በውጭ በኩል ሰንሰለት አለው። በእጅ ይሳባል። ልሳበው?»

ዘሐራ ታየችኝ፣ ከኋላ ወንበር ላይ። ይህ ሰው በሩን ካነሳ ያገኛታል። ለማዳም ይነግራል። እኔ እባረራለሁ፤ እሷንም ያስወጧታል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይደርስ ፀሐይ ላይ እንቀራለን።

«እንዳትነካው!» አልኩት። «ማዳም አቧራ እንዳይገባ ብላ ነው የዘጋችው። ብትነካው እነግርብሃለሁ። ሂድ ጫትህ ሳይጠወልግ።»

እጁን ወደ ላይ አንስቶ «እሺ፣ እሺ ማዳም ትንሿ» ብሎ እየሳቀ ወደ ጎጆው ሄደ። በክርክር ረታሁት። ደስ አለኝ።

አራተኛውን ከመጫኔ በፊት ወርጄ አየኋት። ጋራዡ ምድጃ ሆኗል፤ ትንፋሽ ያጥራል። መኪናው ውስጥ ግን ይቀዘቅዛል። በሩን በትንሹ ከፈት አድርጌ ጭንቅላቴን አስገባሁ።

«እንዴት ነሽ?»

«ራሴን ፈለጠኝ» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ያቅለሸልሸኛል።»

«ትኩሳቱ ነው። ሲወጣ እንደዚያ ያደርጋል።» ሌላ ክኒን ሰጠኋት። «ልቀመጥ?» ብላ ክንዴን ያዘች። «ተኚበት፣ እንቅልፍ ይሻልሻል» ብዬ መልሼ አስተኛኋት። እጇን ከክንዴ ላይ እኔ ነኝ ያላቀቅሁት።

ስወጣ እኔንም አዞረኝ። ምሳ ስላልበላሁ ነው አልኩ።

ስድስተኛው ላይ በመስታወቱ አየኋት። ተኝታለች። ጉንጯ ቀልቷል፣ ከንፈሯ ወዝ አግኝቷል። አራት ቀን ሙሉ አመድ መስሎ የከረመው ፊቷ አበበ። «ዳነች!» አልኩ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። እንዳልቀሰቅሳት በጣቶቼ ጫፍ ነው ደረጃውን የወጣሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መብራት መጣ። ፍሪጁ ጉርር አለ፤ የሳሎኑ ክሊም ተነሳ። ላወጣት አሰብኩ። በሩ ድረስ ሄጄ ጨርቁን በእግሬ ገፋ አደረግሁት። ከዚያ እንዲህ ጥሩ እንቅልፍ የወሰዳትን ሰው ለምን እቀሰቅሳለሁ፣ ደረጃ ላይ ለምን አንገላታታለሁ አልኩና ተመለስኩ። ጫንኩ። ይህ ስምንተኛው ነው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ዘጠነኛውን ጫንኩ።

አሥር ከሩብ ላይ ጋሽ አበራ ደወለ።

«ጨርሻለሁ። ተሳቢውን ከከተማ ውጪ ፒኬ ዱዝ አቁሜ በታክሲ እየመጣሁ ነው። ልብሷን አዘጋጂ። እንዴት ናት?»

«ተሽሏታል ጋሼ! አሁን ብታያት አታምንም፤ እንደ ሙሽራ ቀልታለች።»

«ተመስገን» አለ።

ቀሚስ ይዤላት ወረድኩ። የራሴን፣ ያንን ያስታወከችበትን። እናቷ ቤት ንጹሕ ሆና ትግባ ብዬ ነው። ሞተሩን በሪሞቱ አጠፋሁ። የመኪናውን በር ከፈትኩ።

«ተነሽ ሰነፍ» አልኳት።

ትከሻዋን ነካኋት። ነቀነቅኋት። ክብደቷ ወደ እኔ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር እየተቆራረጠ ነው የሚታወሰኝ። መጮኼን አስታውሳለሁ። አዴር ጃማ ጩኸቴን ሰምቶ ሰንሰለቱን መሳብ ጀመረ፤ ያ ብረት ካር፣ ካር እያለ ሲነሳ ብርሃኑ ቀስ በቀስ እግሯ ላይ፣ ጉልበቷ ላይ፣ ፊቷ ላይ ወጣ። ሽማግሌው እሷን ሲያይ ጫቱን ከአፉ ተፋና «አላህ!» አለ። ከዚያ ወደ ጋራዡ ጣራ አየ፣ ወደ መኪናው ጭስ ማውጫ አየ፣ ወደ እኔ አየ። ያኔ ነው የገባኝ። ማንም አልነገረኝም። እሱ ያየበትን አቅጣጫ ተከትዬ ሳይ ገባኝ።

ጋሽ አበራ ከታክሲው ሲወርድ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ አስቀምጠናት ነበር። በዚያው ታክሲ ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ ያ የፈራነው ሐኪም ቤት ወረቀት እንኳ አልጠየቀንም። ዶክተሩ ብዙም አልቆየም። ወጥቶ ለጋሽ አበራ በፈረንሳይኛ ነገረው፤ ጋሽ አበራ ፈረንሳይኛ አያውቅም፤ እኔ ትንሽ እሰማለሁ። ስለዚህ የተረጎምኩት እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አገራችን ውስጥ ከሰል በተዘጋ ቤት እንደሚገድል የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ። ያን ቀን ከሰል ቢሆን ኖሮ ገና ሳይቀጣጠል ወደ ውጭ ባወጣሁት። ኬሚስትሪም ተምሬአለሁ፤ ቀለም የሌለው፣ ሽታ የሌለው መርዝ ብለን ሸምድደን ፈተና ላይ መልሰነዋል። እኔ በትክክል ነው የመለስኩት። ግን መኪና በእኔ ሕይወት ውስጥ መንገድ ላይ የሚያልፍ ነገር ነው። ጭሱ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ቤት ውስጥ የተዘጋ መኪና ኖሮን የሚያውቅ ማን አለ? ጭስ ማለት ዓይን የሚያቃጥል፣ የሚታይ፣ በመስኮት የሚገባ ነገር ነው ብዬ መስኮቱን አዘጋኋት። መርዙ ያው መሆኑን፣ በክሊሙም በኩል እንደሚገባ፣ ጉንጭ እንደሚያቀላም አላወቅሁም።

ፖሊስ ሦስት ቀን ጠየቀኝ። አዴር ጃማ «ጠይቄአት ነበር፣ ልሳበው ብያት ነበር» እያለ ደጋግሞ ተናገረ። ውሸት አልነበረውም። ማዳም ከአርታ ተመልሳ መጥታ ትጮኽብኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ፖሊስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። መነጽሯን አወለቀች። «ሪሞቱን ስሰጥሽ ስለ ወንበሬ ብቻ ነው የነገርኩሽ» አለች። «ይህንን አንድም ቀን አልነገርኩሽም። የምታውቂ መስሎኝ ነበር።» ሆን ብዬ እንዳላደረግሁት ለፖሊሱ የተናገረችው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ቤቷ ልመለስ አልቻልኩም፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

ዘሐራ የተቀበረችው እዚያው ነው። ከካርቲየ 4 ልጆቹ መጡ፤ ፈርተው ያስወጧት ስምንቱም መጡ፤ አጠቧት። ወንዶቹ ሲያነሷት ከፊት ተሸክሞ የነበረው አዴር ጃማ ነው። ከመቃብሩ ሲመለሱ አየኝና ውኃ ሰጠኝ።

ጋሽ አበራ ለእናቷ በስልክ «ታማ ሞተች» ብሎ ነገራቸው። «ይበቃል፤ ከዚህ በላይ ምን ያደርግላቸዋል?» አለኝ። ዘሐራ ልትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ እኔን አስቀምጦ ወደ አገር መለሰኝ። ዝም ብዬ መንገድ የሄድኩት በዕድሜዬ ያኔ ብቻ ነው።

ድሬ ሁለት ወር ተቀመጥኩ። መቀመጥ አልሆነልኝም። አንድ ቀን ተነስቼ ሐይቅ ሄድኩ።

እናቷ ደጃፍ ላይ ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ከልጃቸው ጋር ጅቡቲ የነበርኩ መሆኔን ስነግራቸው አቅፈው ሳሙኝ፤ ጉንጬን፣ ግንባሬን፣ እጄን። «ሽታዋ አለብሽ» አሉኝ። ያንን መቻል አቃተኝ። እዚያው ቆሜ ተናገርኩ። ከስልኩ ጀምሮ እስከ ዘጠነኛው ድረስ። አዴር ጃማ ልሳበው ማለቱንም አልደበቅሁም። ክንዴን ይዛ ልቀመጥ ማለቷንም ተናገርኩ።

እሳቸው ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ምስሩን ግን መልቀም አላቆሙም፤ ጣታቸው ብቻውን ይሠራ ነበር።

«በርዷት ነበር?» አሉ ስጨርስ።

«አይ እማማ። ደስ ብሏት ነበር። ስለ እርስዎ እያወራች ነው የተኛችው።»

«በሩን የዘጋሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

ሰፌዱን አስቀመጡ። ሰማዩን አዩ፤ መሽቶ ስለነበር አይደለም፣ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር። «ዛሬ ቤቴ አታድሪም» አሉኝ። «አልችልም። ዓይኔ አይችልም።» ተነሳሁ። አጥሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ጠሩኝ።

«ግን ነይ» አሉ። «ተመልሰሽ ነይ።»

አንባቢዎቼ፣ ይህንን የጻፍኩት እንድታዝኑልኝ አይደለም። እንደ እኔ በሰው ቤት የምትሠሩ፣ ወይ ልጃችሁ፣ እህታችሁ የምትሠራ ከሆነ፣ እጃችሁ ላይ የሚሰጣችሁን ዕቃ ምን እንደሚያደርግ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚያጠፋ ጠይቁ። ሳታፍሩ ጠይቁ። የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አይነሳም፤ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ የመኪናው መስኮት ቢዘጋም። ሰው የምታሠሩትም፣ ያውቃሉ ብላችሁ አትለፉ። ከእናንተ ቤት ለመጣች ልጅ ግልጽ የሆነው ነገር ከእኛ ቤት ለመጣች ልጅ ግልጽ አይደለም።

ስለ እኔ ከጠየቃችሁ፣ አሁን ክርክር ውስጥ ሰው «ይህን ልክፈተው?» ሲለኝ አፌን ከመክፈቴ በፊት ዞሬ አያለሁ። ብዙ ጊዜ የምመልሰው ነገር አይመጣልኝም። የሚያውቁኝ ሰዎች ረጋሽ ይሉኛል፤ በጎ ለውጥ መስሏቸው ነው።

ወደ ሐይቅ እሄዳለሁ። ይህን ልጽፍ ስል እናቷን አስፈቀድኩ፤ «ጻፊ፣ ሌላ እናት ትስማ፤ ስሟን ግን አትጥሪ» አሉኝ። እስካሁን ስድስት ጊዜ ሄጃለሁ። ምሳ ያበሉኛል። ባለፈው ጊዜ አልጋ ላይ ያለውን ጋቢ አጥፈው በአንድ በኩል ሲያስቀምጡት አይቼ ሊያሳድሩኝ መሰለኝ። ከዚያ መልሰው ዘረጉት፣ መሽቷል፣ መኪና ሳያመልጥሽ ሂጂ አሉኝ።

አላደርኩም። እሄዳለሁ ግን።